ሻንጣ ውስጥ የመጣችው ከረሜላ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ አዲስ አበባ መጣ። ሻንጣውን ሲፈታ ከሽቶውና ከቸኮሌቱ መሀል አንዲት የከረሜላ ፓኮ ብቅ አለች። "ጋሼ፣ እሷን ለልጆቹ እንዳትሰጥ" አለኝ። ገባኝ፤ እኔም ኮሎራዶ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ ሱቅ የሚሸጥ፣ ካናቢስ ያለበት ከረሜላ ነው። እዚህ ግን ያሳስራል። ቦሌ ላይ ቆሞ "ከረሜላ እኮ ነው" ማለት አያዋጣም። ያኔውኑ ሽንት ቤት ጨመርናት። ከውጭ የምትመጡ እናንተም ይዛችሁ እንዳትመጡ።

በማግስቱ ከንጋቱ 11፡30 ላይ ቀስቅሼ መስቀል አደባባይ ወሰድኩት። ታውቁታላችሁ፦ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ትሮጣለህ፣ አንድ እርከን ትወጣለህ፣ ደግሞ ትመለሳለህ። ልጁ የዴንቨርን ከፍታ ተማምኖ ነበር። አዲስ አበባ ግን በ700 ሜትር ያህል ትበልጣታለች። ሦስተኛው እርከን ላይ ጎኑን ይዞ ቁጢጥ አለ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ እናት "አይዞህ የኔ ልጅ" ብለውት አለፉ። እሳቸው አልቆሙም።

በአምስተኛው ቀን ግን ብቻውን እየሳቀ ሲሮጥ አየሁት።

ድሮ ይሄን ደስታ ኢንዶርፊን ለሚባለው፣ ሰውነት ለሚሠራው የሕመም ማስታገሻ ነበር የምንሰጠው። አሁን ተመራማሪዎች ይበልጥ የሚጠረጥሩት እንደ አናንዳማይድ ያሉትን ነው፤ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው፣ አእምሮ ውስጥ ካናቢስ የሚያንኳኳውን በር የሚያንኳኩ ቅመሞች። ልጁ በሻንጣ ያመጣው ነገር ቢጤው ውስጡ ነበር ማለት ነው! ልዩነቱ፣ የሰውነት ቅመም ሥራውን ሲጨርስ ቶሎ ይፈርሳል። ከረሜላዋ ለመጀመር ብቻ እስከ ሁለት ሰዓት ልትፈጅ ትችላለች። "አልሠራችም" ብሎ የሚደግም ነው ጉድ የሚሆነው።

በርጫም፣ ጫት መቃሚያውን ማለቴ ነው፣ ይጋብዟችኋል። ምርቃና ላይ ሁሉም ባለሀብት ነው፤ ካዛንቺስ ላይ ባለ 12 ፎቅ ያቆማል። ማታ ዝም ዝም ይላል። ከዚያ ምርቃናውን መስበሪያ መጠጥ፣ ጨብሲ፣ ከዚያ እንቅልፍ እምቢ። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ቅመም፣ ካቲኖን፣ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ልብ የሚያስመታው ለዚህ ነው። ስትመለሱም ቅጠሉን በሻንጣ አትሞክሩት። አሜሪካ ክልክል ነው፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከልክላለች።

ሩጫውም ቢሆን በመጡ ማግስት አይጀመርም፤ እኔው ነኝ ያጠፋሁት። ሁለት ሦስት ቀን ተራመዱ። ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሐኪሙን ያማክር። ኅዳር ላይ ከሆናችሁ ታላቁ ሩጫ አለ፣ 10 ኪሎ ሜትር። ከሚሮጠው የሚጨፍረው ሳይበዛ አይቀርም።

ልጁ ተመልሶ ዴንቨር አጠገብ ሬድ ሮክስ የሚባለውን ደረጃ መውጣት ጀምሯል። ባለፈው ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ይሄማ ቀላል ነው" ይላል እያለከለከ።