የድሮ ኦርጋን በተን እምቢ ሲል፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የቆዩ ሲንተሳይዘሮችን፣ ማለትም ኦርጋን የምንላቸውን፣ ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት ሆነኝ። ዛሬ የፓነል በተን ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሮላንድ ጁኖ 106 ኦርጋኔ የኮረስ በተን (ድምፁን የሚያወፍረው) በጉልበት ካልተጫንኩት አይሠራም። ኦርጋኑ አበቃለት?

መልስ፦ ኧረ ምንም አልሆነም! ጁኖ 106 የወጣው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያረጀው በተኑ ነው። ከምትጫነው ፕላስቲክ ሥር፣ ቦርዱ ላይ የተበየደች ትንሽ ማብሪያ አለች። ታክት ስዊች ይሏታል። ውስጧ ጉብ ያለች ስስ ብረት አለች። ስትጫናት ትሰረጉድና መስመሩን ታገናኛለች። ከጊዜ በኋላ ብረቱ ይወይባል፣ አቧራም ይገባል። በጉልበት መጫኑን ግን ተው፤ ብየዳውን ትሰነጥቀዋለህ።

ጥያቄ፦ ደብሊውዲ 40 (የዝገት ማላቀቂያውን ቅባት) ብነፋበትስ?

መልስ፦ በፈጠረህ! ቅባቱ እዚያው ይቀርና አቧራ ይሰበስባል። የኮንታክት ማጽጃ (ለኤሌክትሪክ መገናኛ የሚነፋው) ይሻላል፤ እሱም ለጊዜው ነው። ዛሬ ማታ ሠርግ ላይ የምትጫወት ከሆነ ንፋበት። ሰኞ ግን ማብሪያዋን ቀይራት።

ጥያቄ፦ ማብሪያዋ መሞቷን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ኦርጋኑን ከሶኬት ንቀለውና ቴስተር ያዝ። አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያዋ አራት እግር አላት፤ ሁለት ሁለቱ ውስጥ ለውስጥ የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ በሰያፍ ያሉትን ሁለት እግሮች ለካ። ስትጫናት ወደ ዜሮ ኦም ካልወረደች፣ ወይም ቁጥሩ ከዋለለ፣ አልቆላታል።

ጥያቄ፦ የኔ ኮርግ ኤም 1 ነው። አንድ ረድፍ በተን ባንዴ ቀጥ አለ።

መልስ፦ አምስት ሰው ባንድ ደቂቃ አይሞትም። ማሽኑ በተኖቹን በረድፍና በዓምድ ነው የሚያነባቸው፤ ረድፉ አንድ መስመር ይጋራል። መጀመሪያ ከፓነሉ ቦርድ የሚወጣውን ጠፍጣፋ ኬብል ነቅለህ መልሰህ ሰካ። ከዚያ የተሰነጠቀ ብየዳ ፈልግ።

ጥያቄ፦ አቀያየሩን ብትነግረን?

መልስ፦ ከመግዛትህ በፊት የመጫኛዋን ቁመት ለካ። ካጠረች ፕላስቲኩ አይደርስባትም፤ ከረዘመች ሁሌ እንደተጫነች ትቀራለች። አሮጌዋን ሙሉዋን ለመንቀል አትታገል። እግሮቿን በመቁረጫ ቆርጠህ፣ አንድ በአንድ እያሞቅህ አውጣ። ቀዳዳው ውስጥ የቀረው ሊድ (መበየጃው) አልወጣም ካለ፣ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምርበትና በሊድ መምጠጫ ሳበው። እኔ አንዴ ቸኩዬ ስስብ የመዳቡ መስመር አብሮ ተነሣ፤ በቀጭን ሽቦ ስጠግን አመሸሁ። ሌላ ነገር፣ ፓነሉን ከፍተህ አንዷን ብቻ ቀይረህ አትዝጋ። ሁሉም እኩዮች ናቸው፤ በወሩ ሌላዋ ትከተላለች።

ጥያቄ፦ የኔን ጁኖ ከአሜሪካ ነው ያመጣሁት። በተኑን ከቀየርኩ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ልሰካው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትሰኪው! መጀመሪያ ጀርባውን አንብቢ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይዘሽ ነይ፤ ያኔ ስለ በተኑ እናወራለን።