ከማማ ሥር ያነሣሁት የመብራት ስኒ የኔ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የድሮ የመብራት ስኒ እሰበስባለሁ፤ በተለይ በትልልቁ የብረት ማማ ላይ ተደርድረው የሚንጠለጠሉትን፣ የሽቦው ኃይል ወደ ማማው እንዳያልፍ የሚከለክሉትን፣ ባለሙያዎቹ ዲስክ ኢንሱሌተር የሚሏቸውን። አሁን ቤቴ ስድስት አሉ። ሁለቱን መብራት ኃይል ይሠራ የነበረው አጎቴ ሲያርፍ ከዕቃው መሃል አገኘኋቸው። ሦስቱን ከቁራሌው ገዛሁ። አንዱን ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ፣ መስመር ሲታደስ ከማማ ሥር ወድቆ አነሣሁት። ጎረቤቴ አይቶ «ትታሰራለህ» አለኝ። ውጭ አገር ያለ ሰብሳቢ ደግሞ እንቀያየር እያለኝ ነው። ሕጉ ምን ይላል? ማማዎቹን ፎቶ ማንሣትስ ያስጠይቃል?

መልስ፦ ጎረቤትህ ትንሽ አጋንኗል። ግን ከመሬት ተነሥቶ አይደለም።

ስኒ መሰብሰብን የሚከለክል ሕግ የለም። ችግር የሚያመጣው ዕቃው ከማን እጅ፣ እንዴት ወጣ የሚለው ነው። የአንተ ስድስቱ በሦስት መንገድ ስለመጡ ለየብቻ ማየት አለብን።

ከባዱ ከማማው ሥር ያነሣኸው ነው። «ሜዳ ላይ ተጥሎ ነው ያገኘሁት» ትለኛለህ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1151 ባለቤት የሌለውን ዕቃ ለራሱ ሊያደርግ አስቦ የያዘ ሰው ባለቤት እንደሚሆን ይናገራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም መሬት ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። መስመር ሲታደስ የወረደ ዕቃ የድርጅቱ ነው። ተቆጥሮ መጋዘን መግባት አለበት። መኪና እስኪመጣ ሜዳ ላይ ቢያድር ድርጅቱ ትቶታል አያሰኝም። ስለዚህ እሱ ስኒ ያንተ አይደለም። የሌላ ሰው ንብረት አግኝቶ ዝም ብሎ ለራስ ማድረግ ደግሞ በወንጀልም ያስጠይቃል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ስለ ቴሌኮሙኒኬሽንና ኤሌክትሪክ አውታሮች ጥበቃ የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 464/1997። አውታሩን ሆን ብሎ የጎዳ ወይም የቆረጠ ሰው ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። አንተ አልቆረጥክም፣ አምንሃለሁ። ግን የማማ ብረት እየተፈታ እየተሰረቀ ማማ እስከ መውደቅ መድረሱን በዜና ሰምተሃል። ፖሊስ ከማማ ሥር ስኒ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው እንጂ ሰብሳቢነትህን አይደለም። ነፃ መሆንህን እስክታስረዳ ሁለት ሦስት ቀን ጣቢያ ብታድር ማን ይክስሃል?

ስለዚህ እሱን መልስ። ባዶ እጅህን ግን እንዳትመለስ፤ የት፣ መቼ፣ እንዴት እንዳገኘኸው የሚገልጽ ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጻፍ፣ አንዱ ላይ «ደርሶናል» ተብሎ ማኅተም ይደረግልህ። እዚያው ማመልከቻ ላይ ዕቃው የማያገለግል ከሆነ ለስብስብህ እንዲሰጥህ ወይም እንዲሸጥልህ ጠይቅ። ማንን ነው የምትጠይቀው? መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። ትልቁ ማስተላለፊያ መስመርና ማማው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በየሠፈሩ ያለው የእንጨትና የኮንክሪት ምሰሶ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ስኒህ ከማማ የመጣ ስለሆነ ወደ መጀመሪያው ሂድ፤ ሰው በተሳሳተ በር ገብቶ ወር ሙሉ ሲመላለስ አይቻለሁ።

ከቁራሌው የገዛሃቸው ሦስቱ መሃል ላይ ናቸው። አንቀጽ 1161 በቅን ልቦና ገንዘብ ከፍሎ የሚንቀሳቀስ ዕቃ የተረከበን ሰው ይጠብቃል። አንቀጽ 1193 ደግሞ ዕቃውን በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል። ጥሩ ነው። ዕቃው የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ግን ባለቤቱ ሊያስመልሰው ይችላል። ከዚያም በላይ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 መሸሸግ የሚለው ወንጀል አለ፤ የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ እየቻለ የገዛ ሰው ይጠየቅበታል።

«ማወቅ እየቻለ» የምትለዋን ልብ በል። ሸክላው ለቁራሌው ምንም አያደርግለትም፤ እሱ የሚፈልገው ከላይ ያለውን የብረት ቆብና ከሥር ያለውን ፒን፣ ማለትም የብረት ዘንጉን ነው። ሳይሰብር ሙሉውን ይዞልህ ከመጣ ገዢ እንዳለ አውቋል ማለት ነው፣ ያ ገዢ ደግሞ አንተ ነህ! ቆቡ ዝገት ያልነካው፣ ሸክላው የሚያብረቀርቅ አዲስ ከሆነ ዓቃቤ ሕጉ «መጠርጠር ነበረብህ» ይልሃል፣ እውነቱንም ነው። በተቃራኒው ዕድሜው ሊረዳህ ይችላል። ብዙዎቹ ላይ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ታትሟል፤ ኤንጂኬ ወይም ሴዲቨር የሚል አይተህ ይሆናል። ዓመቱ በፈረንጅ የ1960ዎቹ ከሆነ ትናንት ከመጋዘን ወጣ ለማለት ይከብዳል። ከነዓመቱ ፎቶ አንሥተህ አስቀምጥ። ለወደፊቱ ደግሞ የሻጩ ስም፣ ቀን፣ ዋጋና ፊርማ ያለባት ቁራጭ ወረቀት ሳትይዝ አትግዛ። አልፈርምም ካለህ ተወው፣ ምክንያት አለው።

የአጎትህ ሁለቱ ብዙ አያሳስቡኝም። እርግጥ ወራሽ የሚወርሰው ሟቹ የነበረውን ብቻ ነው፤ አጎትህ ሳይፈቀድለት አምጥቷቸው ከሆነ ሞቱ ዕቃውን ሕጋዊ አያደርገውም። ግን አንቀጽ 1192 ዕቃው የት እንዳለ ባለማወቁ 10 ዓመት መብቱን ያልተጠቀመ ባለቤት መብቱን እንደሚያጣ ይናገራል። ለሕዝብ አገልግሎት የዋለ የመንግሥት ንብረት ላይ እንዲህ ያለ ክርክር አይሠራም፣ የተወገደ ሸክላ ላይ ግን ይሠራል ብዬ እከራከርልህ ነበር። ከአጎትህ ጋር የሠራ ጡረተኛ ካለ ሄደህ ጠይቀው። «ሲወገድ ለእኛም ተሰጥቶን ነበር» የሚል ምስክር ካገኘህ ጉዳዩ አለቀ።

አሁን ወደ ፎቶው። ከመንገድ ዳር ቆሞ ማማ ማየት፣ ስኒ መቁጠር፣ በመነጽር መመርመር ወንጀል አይደለም። እንደውም ባሕር ዳር ለዚህ የተመቸች ናት። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ሁለተኛው በ1993 ተከተለ፣ ጣና በለስ በ2002 ተመርቆ ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ከተማዋ አመጣ፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ከአንድ ዘመን ወደ ሌላው እያለፍክ ማየት ትችላለህ። የስኒዎቹ ብዛት የመስመሩን ጉልበት ይነግርሃል፦ 132 ኪሎ ቮልት ላይ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 11፣ 230 ላይ ወደ 15 ይጠጋሉ። ቡናማው ሸክላ ነው፣ አረንጓዴ የሚያሳየው መስታወት። መስታወቱ ሲጎዳ ሙሉ በሙሉ ይረግፍና ቆቡና ፒኑ ብቻ ተያይዘው ይቀራሉ፤ ከሩቅ እንደ ጎደለ ጥርስ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ካየህ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል፣ በ905 ደውለህ ተናገር። ለሰብሳቢ ጥሩ ስም ያተርፍልሃል፣ አንድ ቀን ማመልከቻ ስታስገባም አይከፋም።

ካሜራህን ወደ ማመንጫው፣ ወደ ሰብስቴሽኑ (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያው)፣ ወደ ግድቡ ካዞርክ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሚጠበቁ ቦታዎች ናቸው፣ ያለ ፈቃድ አታንሣ። የድሮው ዓባይ ድልድይ ላይ ካሜራ ያወጣ ሰው ምን እንደሚባል ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ ጭራሽ አይሞከርም። በዚህ የጸጥታ ሁኔታ ከከተማ ወጥተህ ብቻህን ማማ ሥር መንጎራደዱን ራሱ አልመክርህም፤ ከሄድክም ለቀበሌው አሳውቅ፣ መታወቂያህን ያዝ። ማማ ላይ መውጣት የሚባል ነገር የለም። ተቋርጧል የተባለ መስመር እንኳ ከጎኑ ካለው መስመር ኃይል ተጋብቶበት ሊገድል ይችላል።

የውጪው ሰብሳቢ ይጠብቅ። በቅርስ ጥበቃ አዋጁ (209/1992) ቅርስ የሆነ ነገር እንዲሁ ከአገር አይወጣም። በፋብሪካ በሺህ የሚመረት ስኒ ቅርስ ነው ብዬ አላምንም፤ ሆኖም ጉምሩክ ላይ ያለው ሠራተኛ የኔን አስተያየት አይጠይቅም። ከመላክህ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን «ቅርስ አይደለም» የሚል ደብዳቤ አውጣ፣ ዕቃውንም በትክክለኛ ስሙ አስመዝግበህ ላክ። መላክ የምትችለው ደግሞ የአጎትህን ሁለቱን ብቻ ነው። የቁራሌው ሦስቱ ምንጫቸው እስኪጣራ ከቤትህ አይውጡ።