ለመጀመሪያ ጊዜ ምንጣፍ ላይ ለምትቆሙ፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያ የቴኳንዶ ውድድራቸውን ከሚጠብቁ ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው የመጡ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሳስበውኛልና ሰፋ አድርጌ እመልሳቸዋለሁ።

የ19 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ክብደቴ 62 ኪሎ ነው። ከአሥር ቀን በኋላ የመጀመሪያ ውድድሬ አለ። ጓደኞቼ “58 ኪሎ ብትገባ ማንም አይችልህም” ይሉኛል፤ ሰለሞን ደምሴም በኦሊምፒክ የቆመው በዚሁ ክብደት ነው። በፕላስቲክ ተጠቅልዬ መሮጥና ውኃ መቀነስ ጀምሬአለሁ። መንገዴ ትክክል ነው? (ከአራት ኪሎ)

አይደለም። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ውኃ ጠጣ።

ሰለሞን በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ መወዳደሩ እውነት ነው፤ እኔም በኩራት ነው የማስታውሰው። ነገር ግን ኦሊምፒክ ለወንዶች ያለው አራት ክብደት ብቻ ነው፦ እስከ 58፣ እስከ 68፣ እስከ 80 እና ከ80 በላይ። 62 ኪሎ የሚመዝን ሰው እዚያ መካከል ላይ ይቀራል፤ ወይ ይወርዳል፣ ወይ እስከ ስድስት ኪሎ ከሚበልጡት ጋር ይቆማል። በዓለም ሻምፒዮና ግን ለአዋቂ ወንዶች ስምንት ክብደት አለ፤ ከ58 ቀጥሎ የሚመጣው 63 ነው። አሠልጣኝህን ጠይቀው፤ ውድድርህ በእነዚህ ስምንት የሚመራ ከሆነ እንዳለህ ሆነህ፣ ቁርስህን በልተህ ሚዛኑን ታልፋለህ። ማንም ያላስገደደህን መከራ ለምን በራስህ ላይ ታመጣለህ?

ከ62 ኪሎ ላይ አራት ኪሎ ማለት ከመቶ ስድስት በላይ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ እንደዚያ የሚወርደው በአብዛኛው ስብ ሳይሆን ውኃ ነው። ሰውነት ከክብደቱ ከመቶ ሁለት ያህል በውኃ ሲጎድልበት አቅሙ መቀነስ ይጀምራል፤ የደሙ መጠን ያንሳል፣ ልብም ያንኑ ሥራ ለመሥራት ይበልጥ ይለፋል። ፕላስቲኩ ደግሞ የባሰ ነው። ሰውነታችን በሩጫ ጊዜ የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው፤ ፕላስቲክ ያን መንገድ ይዘጋዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ነፃ ትግል ተወዳዳሪዎች አየር የማያስገባ ልብስ ለብሰው ክብደት ሊቀንሱ ሲለፉ፣ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ተከታትለው ሞተዋል። ሦስቱም እንደ አንተ ወጣቶች ነበሩ።

እኔም በዕድሜህ ሳለሁ አድርጌዋለሁ። ሚዛኑን አለፍሁ። በሁለተኛው ዙር ግን ባቴ ተሳሰረ፤ የባላጋራዬ እግር ሲመጣ እያየሁት መራቅ አቃተኝ። ያን ጊዜ ይህን የሚከለክል ሰው አልነበረኝም፤ አጥብቄ የምጽፍልህ ስለዚህ ነው።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ልትወዳደር ነው ሲባል ጭንቅላቷ ይመታል ብዬ ከለከልኋት፤ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከፒያሳ)

እናቴ፣ ፍርሃትዎ ከንቱ አይደለም፤ ግን ከመከልከልዎ በፊት አሠልጣኟን ያነጋግሩ። ከማን ጋር ነው የምትገጥመው? በዕድሜም በክብደትም የምትቀራረባት ልጅ መሆን አለባት፤ “አቻ ስላላገኘን ከትልቋ ጋር ትግጠም” ከተባለ እሺ አይበሉ። በሜዳው የሕክምና ባለሙያ ይኖራል? የደረት መከላከያው (ሆጉ) ልኳ ነው? የራስ መከላከያው ሲያናውጡት ይዞርባታል? የጥርስ መከላከያውን አስቀድመው ይግዙላት፤ በሙቅ ውኃ ለስልሶ በራሷ ጥርስ የሚቀረጸው ዓይነት ይሻላል። የተዋሱት የሌላ ልጅ መከላከያ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ነገር ነው። የራስ መከላከያ ከቁስልና ከእብጠት ያድናል፤ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንዳይናወጥ ግን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ጭንቅላቷ ላይ ተመትታ ራሷን ካመማት፣ ካዞራት፣ ካስመለሳት፣ ብርሃን ካስጠላት ወይም አንዱን ነገር ደጋግማ ከጠየቀች የዚያ ቀን ውድድር አበቃ። “ደህና ነኝ” ብትልም፣ ለፍጻሜ አንድ ግጥሚያ ቢቀራትም አበቃ። ሐኪም አይቶ ሳይፈቅድ ወደ ልምምድም አትመለስም። ማስታወክ ከደጋገማት፣ ለመንቃት ካስቸገረች ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። አሠልጣኟ ይህን በአንደበቱ ቃል ከገባልዎ ልጅቱን ይልቀቋት። “ትንሽ ነገር ነው፣ ትለምደዋለች” ካለዎት ግን ሌላ ክለብ ይፈልጉላት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ውድድሬ በዐቢይ ጾም፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ጾሙን መተው አልፈልግም፤ እንዳልደክምም ፈራሁ። (ከስድስት ኪሎ)

እኅቴ፣ ቀኑ ቅዳሜ መሆኑ ይረዳሻል። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት እንታቀባለን እንጂ፣ ከቅዳም ሹር በቀር፣ እስከ ሰዓት መቆየት የለም። ስለዚህ ጠዋት ትበያለሽ። ከግጥሚያው ሦስት ሰዓት ገደማ ቀደም ብለሽ በሶ ወይም ዳቦ ከሻይ ጋር፣ በየግጥሚያው መካከል ሙዝና ቴምር ይበቃሻል። የሚያስቸግረው ዓርብ ነው። ስታፈጥሪ በቂ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ብዪ፤ እስክትተኚ ድረስም ውኃ ቀስ በቀስ ጠጪ። በእነዚያ ሳምንታት ከባዱን ልምምድ ከምግብ ሰዓት በኋላ እንዲሆንልሽ አሠልጣኝሽን ለምኚው። ስለ ጾሙ የቀረውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ያ የእኔ ድርሻ አይደለም።

የተማርሁት በዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን (አይ ቲ ኤፍ) ሕግ ነው፤ አሁን የተመዘገብሁት ግን የኦሊምፒኩን ቴኳንዶ በሚመራው በሌላው ማኅበር፣ በወርልድ ቴኳንዶ ሕግ ነው። ልዩነቱ ይጎዳኛል? (ከአምባሳደር አካባቢ)

እጅህ ይጎዳሃል። በአይ ቲ ኤፍ ፊት ላይ ያረፈ ቡጢ ነጥብ ነው፤ እዚህ ግን ቅጣት ነው፣ ለባላጋራህም አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። ደረት ላይ ያረፈ ቡጢ 1፣ ደረት ላይ ያረፈ እርግጫ 2፣ ራስ ላይ 3 ነው፤ ዞረህ ከመታህ ደረቱ 4፣ ራሱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሆናል። መውደቅና ከምንጣፉ መስመር መውጣትም ያስቀጣሉ። እስከ ውድድሩ ድረስ ቡጢህን ከደረት በላይ ሳትሰነዝር ተለማመድ።

34 ዓመቴ ነው፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ውድድሩ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሼ ያልቃል። ረፈደብኝ? (ከለገሃር)

አልረፈደም። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብህ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። አንድ ዙር ሁለት ደቂቃ ነው፣ ዕረፍቱ አንድ ደቂቃ፤ ልምምድህንም በዚያ ልክ ስፋው። የቸርችል ጎዳና ዳገት ደጃፍህ ላይ ነው። ማለዳ መኪና ሳይበዛ አሥር ደቂቃ በእግርህ ተራምደህ ሰውነትህን አሙቅ። ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤት አቅጣጫ ሁለት ደቂቃ ፈጥነህ ውጣ፣ አንድ ደቂቃ ቀስ ብለህ ውረድ። ይህን ሦስት ጊዜ ስታደርግ አንድ ግጥሚያ ጨረስህ ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በዚህ ጀምር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ግጥሚያ አድርገው፣ የመጨረሻውን ሳምንት ቀንስ። ደግሞም አሠልጣኝህን ስትመታ ትንፋሽህን ይዘህ እንደሆነ እንዲመለከትልህ ጠይቀው፤ አዲስ ተወዳዳሪዎች ብዙ ጊዜ ሳያውቁት ይይዙታል። ያ ስትመታ የምታሰማው ጩኸት፣ ኪያፕ የምንለው፣ አየሩን የሚያስወጣልህ እርሱ ነው፤ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳትል ጩኽ።