«ለ» የምትጠብቅበት ቦታ

ልጆቼ፣

ከለገጣፎ ወዲህ ባለው ሰፈራችን ክራርና ከበሮ ይዛችሁ ለቁምስናችን፣ ለካቶሊክ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን፣ አዲስ የቅዳሴ መዝሙር ልታዘጋጁ መሰባሰባችሁን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። ሠላሳ ዓመት ያህል መዘምራንን ሳሠለጥን ኖሬአለሁና የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

በወጣትነቴ አንድ የውጭ አገር የቅዳሴ ዜማ ወድጄ ቃሉን ወደ አማርኛ መለስኩት። «እግዚአብሔር አለ» የሚል ስንኝ ነበረው። ይኖራል ለማለት ነው። ዜማው ግን እዚያ ቦታ ላይ ይቸኩላል፤ «ለ»ን ለማጥበቅ ፋታ አይሰጥም። አላልተን ዘመርነው። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ እግዚአብሔር ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ከልባቸው ነበር፤ መልሱን እየጠበቁ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። ለስንት እሑድ ምእመናኑን ሌላ ነገር ሳስዘምር እንደከረምኩ የገባኝ ያኔ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሊጡርጊያ፣ ማለትም ስለ አምልኮ ሥርዓት፣ ባወጣው ሰነድ፣ በቁጥር 119፣ የራሳቸው የሙዚቃ ባህል ላላቸው ሕዝቦች ባህላቸው ተገቢው ክብርና ቦታ እንዲሰጠው ይላል። ወጣቶች ይህችን ቁጥር ትወዷታላችሁ፤ እኔም እወዳታለሁ። ነገር ግን ቁጥር 112ንም አንብቡ፤ የቅዱስ ዜማ ክብር ከቃሉ ጋር በመዋሐዱ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ክራር ስለተደረደረ ብቻ መዝሙሩ የእኛ አይሆንም፤ አማርኛው እንደ አማርኛ መሰማት አለበት።

ስለዚህ ዜማ ከማውጣታችሁ በፊት ግጥሙን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አንብቡ። በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ምልክት አድርጉ፤ ዜማውም እነሱን ይከተል። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ ቅኝቱ በራሱ ነውር የለበትም። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የፍቅር ዘፈን ዜማ ግን አትዋሱ፤ የዘፈኑ ግጥም አብሮ ይመጣል። በግዕዝ ሥርዓት በሚቀደስበት ቦታ ካህኑና ሕዝቡ የሚቀባበሉት የቆየ ዜማ አለና እሱን አትንኩ፤ አዲስ መዝሙር የት እንደሚገባ አባን ጠይቁ። በክረምት የክራሩ ቆዳ በእርጥበት ይረግባል፤ ቀደም ብላችሁ መጥታችሁ ቃኙ።

ያን ስንኝ በኋላ እንደገና ሠርቼዋለሁ። «አለ» ላይ ድምፁ እንዲያርፍ አደረግሁ። እኒያ እናት በቀጣዩ እሑድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲዘምሩት አየሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ኑ። መሣሪያውን ተዉት፤ ግጥሙን ብቻ ይዛችሁ ኑ።