ሳትለኩ ብር አትስጡ፦ የሶላርና የባትሪ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሶላር ስገጥምና ስጠግን ብዙ ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ማታ ጠይቁኝ። የት እንደምገዛ፣ የትኛውን ድረ ገጽ እንደማምን፣ ከምን እንደምሸሽ እነግራችኋለሁ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል፦ ሳትለኩ ብር አትስጡ።

ከሃይቅ፦ ጋሼ፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የትኞቹን ድረ ገጾች ያያሉ?

መልስ፦ ሦስት ናቸው። ለፋኖስና ለትንንሽ የቤት ሶላር ቬራሶልን አያለሁ። ድሮ ላይቲንግ ግሎባል በሚባለው የዓለም ባንክ ፕሮግራም ሥር የነበረው ነው። በላብራቶሪ ተፈትነው ያለፉ ዕቃዎች እዚያ በስምና በሞዴል ተዘርዝረዋል። ሁለተኛው የዓለም ባንክ ግሎባል ሶላር አትላስ ነው። ካርታው ላይ ሰፈርህን ስትነካ ፀሐዩ ምን ያህል እንደሚሰጥህ ያሳይሃል፤ ክፍያ የለውም። ሦስተኛው የፋብሪካው የራሱ ገጽ ነው። የፓኔሉን ሞዴል ጽፈህ መጠኑን፣ ክብደቱንና ቮልቱን ታወጣለህ። ጂጂ የሚባለውን የመሸጫ ድረ ገጽና ቴሌግራምን የማያቸው ዋጋ ለማወዳደር ብቻ ነው። ከዚያ ሱቅ ሄጄ፣ በእጄ ይዤ፣ ለክቼ ነው የምገዛው።

ከወልድያ፦ ባለ 550 ዋት ፓኔል ገዛሁ። ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ርካሹ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪዬ ቀኑን ሙሉ ውሎ አይሞላም። ፓኔሉ ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ በሳምንት ሦስት ሰው ይሄን ይዞ ይመጣብኛል። መጀመሪያ ሜትር አውጣ። እውነተኛ 550 ዋት ፓኔል ቁመቱ 2.28፣ ወርዱ 1.13 ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱ 27 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ፓኔል አንድ ካሬ ሜትሩ ከ200 እስከ 230 ዋት ቢሰጥ ነው። ግማሽ በር በምታህል ፓኔል ላይ 550 ተብሎ ከተጻፈ ጽሑፉ ውሸት ነው።

መጠኑ ልክ ከሆነ ጥፋቱ የኮንትሮለሩ ነው። ያ ፓኔል ሙሉ ፀሐይ ላይ 41 ቮልትና 13 አምፒር ገደማ ይሰጣል። ርካሹ ኮንትሮለር፣ ፒደብሊውኤም የሚሉት፣ ቮልቱን ወደ ባትሪው 13 ቮልት ጎትቶ ያወርደዋል። አምፒሩን ግን አይጨምርም። 13 በ13 አባዛው፤ 169 ዋት። የቀረው 380 ዋት ጣሪያህ ላይ ባክኖ ይቀራል። ኤምፒፒቲ የሚባለው ቮልቱን ሲያወርድ አምፒሩን ያበዛዋል። ላንተ 40 አምፒር የሚችል፣ ከ50 ቮልት በላይ የሚቀበል ያስፈልግሃል። ደግሞ ተጠንቀቅ፤ በርካሾቹም ላይ ኤምፒፒቲ ብለው ይጽፉበታል። እውነተኛው ውስጡ ትልቅ የመዳብ ጥቅል ስላለው ይከብዳል። በእጅህ ያዘው። እንደ ስልክ ቀሎ ካገኘኸው መልስለት።

ስም ያልጻፈ፦ ጥሩ ባትሪ የቱ ነው?

መልስ፦ ለስንት አምፖል? ለስንት ሰዓት? ይሄን ሳትነግረኝ ልመልስልህ አልችልም።

ከከሚሴ፦ ከሶላር ወጣ ልበልና፣ ማጭድና መጥረቢያ ከየት ይገዛል? የሱቁ አንድ መኸር አይቆይም።

ከባቲ፦ ሰኞ ገበያ ና። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ታገኛለህ። ወላሂ፣ የአባቴ መጥረቢያ እስካሁን እንጨት ይፈልጣል።

ከኮምቦልቻ፦ ለአንድ ማጭድ ባቲ ድረስ? ትራንስፖርቱ ከማጭዱ ይበልጣል እኮ። የሱቁም በደንብ ከተሳለ ይሠራል።

ከባቲ፦ ሰውየው ስዬ ስዬ አለቀብኝ እያለ ነው፤ አንተ ሳል ትለዋለህ!

መልስ፦ የባሌስትራ ብረት ጠንካራ ነው። ሌላውን ቀጥቃጮቹን ጠይቁ። ወደ መብራቱ እንመለስ።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ ሮቶ ስንት ሊትር ልግዛ?

መልስ፦ የውሃ ሰው አይደለሁም። ክዳኑ በደንብ መግጠሙን እይ።

ከመርሳ፦ ቴሌግራም ላይ ባለ 100 አምፒር ሰዓት ሊትየም ባትሪ በግማሽ ዋጋ አየሁ። ግማሹን ቅድሚያ ላክ ይላሉ። ልላክ?

መልስ፦ አትላክ። ከላይ ተናግሬያለሁ፤ ሳትለካ ብር አትስጥ። እኔ አንዴ በስልክ ተስማምቼ ከፍዬ አስመጣሁ። ካርቶኑን ከመኪና ሳወርደው በአንድ እጄ ተነሳ። ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ 4 ኪሎ። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ሊትየም ከ10 ኪሎ ብዙም አይወርድም። ስከፍተው ጥግ ላይ ትንንሽ ባትሪዎች ተደርድረዋል፤ ሌላው ሁሉ ፎም ነው። ሻጩ ስልኩን ዘጋ። ብሩ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር።

ከላሊበላ፦ የቴሌግራሙ ሻጭ ግን ብዙ ተከታይ አለው፣ ጋሼ።

መልስ፦ ተከታይ በብር ይገዛል። ባትሪውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ቪዲዮ ይላክልህ። እምቢ ካለ ተወው። ቪዲዮውን ቢልክም ሄደህ በቴስተር ሳትለካ አትክፈል። ይሄን ድጋሚ አትጠይቁኝ።

ከወረኢሉ፦ እናቴ ገጠር ናት። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖል ማታ ለ4 ሰዓት፣ አንድ ሬዲዮ፣ ሁለት ስልክ። እስካሁን ኩራዝ ነው የምታበራው፤ ጭሱ ዓይኗን እየጎዳት ነው።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! አብሽሪ፣ ቀላል ነው። አምፖሎቹ በሌሊት 60 ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ። ስልኮቹና ሬዲዮው ተጨምረው 100 ይሞላል። ባለ 50 ዋት ፓኔል ይበቃታል። ባትሪው ባለ 12 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት ሊትየም ይሁን፤ ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ቢከብድ ሁለት ሌሊት ያደርሳታል። ለዚህ ፓኔል ርካሹ ኮንትሮለርም ይሆናል፤ ሊትየም የሚቀበል መሆኑን ብቻ ጠይቂ። ፓኔሉን ወደ ደቡብ አዙረሽ 15 ዲግሪ ያህል አዘንብይው፤ አቧራውን ዝናብ ያጥበዋል። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባ፤ ቤቱ ሣር ክዳን ከሆነ ይሄን በፍጹም እንዳትረሺ። ቅዳሜ ደሴ የምትመጪ ከሆነ ጻፊልኝ። ቴስተሬን ይዤ ፒያሳ አብሬሽ እወርዳለሁ።