ደላላው ባመጣው የደመወዝ ደብዳቤ ስለተወሰደ የቤት ብድር

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ ታናሽ ወንድምሽ አዳማ ቤት ሊገዛ ከባንክ ተበደረ፤ ደላላው ያዘጋጀለት የደመወዝ ደብዳቤ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ፖሊስ ለነገ ጠርቶታል፤ ዘመድ አዝማድ ደግሞ «ዕዳውን ከፍለን እንገላገል» እያለ ነው።

መክፈሉ አይከፋም፣ ክሱን ግን አያስቀርም። ወርሃዊ ክፍያ ማቋረጥ ብቻውን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። የመያዣ ውሉ ከፈቀደለት ባንኩ በአዋጅ 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል። ወንጀል የሚሆነው ብድሩ የተገኘበት መንገድ ነው። ከፍርድ በፊት ጉዳቱን መካስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ስለሚችል፣ ከከፈላችሁ ደረሰኙን ያዙ። ምክንያቱ ላይ «የብድር ክፍያ» ብቻ ይጻፍ። ይቅርታ መጠየቂያ ደብዳቤ አብራችሁ እንዳታስገቡ፤ ነገ እንደ እምነት ቃል ይነበባል።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንዲህ ባለ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አንቀጾች ይጠቀሳሉ። አንዱ 692፣ አታላይነት ነው፤ ቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩ ክብደትም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ያስከትላል። ሌላው 378፣ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ነው። ሰነዱን የሠራው በ375 ይጠየቃል። ሐሰተኛው የቤት ካርታ ወይም ያላገባ ማረጋገጫ ቢሆን ኖሮ የመንግሥት ሰነድ ስለሆነ ይከብድ ነበር። የባንክ ሠራተኛ ጉቦ ወስዶ ተባብሮ ከሆነ ደግሞ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 ይመጣል።

የመከላከያው ዋናው ነገር አንድ ጥያቄ ነው፦ ደብዳቤው ባንክ በገባበት ቀን ወንድምሽ ሐሰተኛ መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ? ሁለቱም አንቀጾች ሐሳብ፣ ማለትም አውቆ ማድረግን፣ ይፈልጋሉ፤ በቸልተኝነት አታላይ የሚባል ሰው የለም። «ማጣራት ነበረበት» ብቻውን አያስቀጣም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ አንቀጽ 58 ቀጥተኛ ያልሆነ ሐሳብንም ይይዛል፤ ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የገባም እንዳሰበ ይቆጠራል። 9,000 ብር የሚያገኝ ሰው 30,000 የሚል ደብዳቤ አንብቦ ካስገባ «ደላላው ነው የሠራው» አያድነውም። ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ ከደላላው በቀጥታ ባንክ ገብቶ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ስለዚህ ጠበቃው የብድር ፋይሉን በደንብ ይመርምር። የማመልከቻ ቅጹ ላይ የደመወዝ ሣጥኑ በማን እጅ ጽሑፍ ተሞላ? የወንድምሽ ፊርማ «የሰጠሁት መረጃ እውነት ነው» ከሚለው ሥር አለ? ደብዳቤውን ማን እንዳስገባው መዝገብ ላይ አለ? ዋናውን ደብዳቤ ጠይቁ፤ ፎቶ ኮፒ ለፎረንሲክ ምርመራ ብዙ አይጠቅምም። በእጅ የተመታ ማህተም ፊርማው ላይ ሲያርፍ ሁለቱ ቀለሞች ይደራረባሉ። በቀለም ፕሪንተር የወጣ ከሆነ ግን ማህተሙም ፊርማውም አንድ ወጥ ሆነው ወረቀቱ ላይ ተኝተው ታያቸዋለሽ። ይህ ግን ሰነዱ ሐሰተኛ መሆኑን እንጂ ማን እንደሠራው አይናገርም፤ የዐቃቤ ሕግ ችግር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው መከላከያ ባንኩ አልተታለለም የሚል ነው። 692 ባንኩ ተሳስቶ ገንዘቡን መስጠቱን ይፈልጋል። የብድር ሠራተኛው እውነተኛውን ደመወዝ ከሂሳብ መግለጫው አይቶ እያወቀ አሳልፎት ከሆነ ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው። «ባንኩ በደንብ አላጣራም» የሚለው ግን ደካማ ነው፤ በሱ ብቻ አትመኩ።

ነገን በተመለከተ፣ ብቻውን አይሂድ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ያለመናገር መብት አለው፤ ስሙንና አድራሻውን ሰጥቶ «በጠበቃዬ ፊት ቃሌን እሰጣለሁ» ይበል። ከተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ዋስትናም ያኔውኑ ይጠየቅ። የክልሉ ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ በደንብ የማይሰማ ከሆነ ክርክሩን መንግሥት በሚከፍለው አስተርጓሚ የመከታተል መብት አለው። ፖሊስ ጣቢያም ያልገባውን ቃል አይፈርም፤ ቃሉ ከተጻፈ በኋላ ይነበብለት፣ ስሕተት ካለ ከመፈረሙ በፊት ይታረም።

ሰው የሚጠፋው ደግሞ ከተጠራ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው። አሠሪውን ለምኖ ወደ ኋላ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ማውጣት አዲስ ወንጀል ነው። ከደላላው ጋር ቃል ለማስማማት መገናኘትም ሁለቱን እንደ ግብረ አበር ያስቆጥራል። ደላላው በቴሌግራም የላከው ድምፅና ጽሑፍ፣ የኮሚሽን ክፍያው የቴሌብር ወይም የባንክ ደረሰኝ፣ «ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ» ያለበት መልእክት ካለ፣ ወንድምሽ ያላወቀ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። ምንም እንዳይጠፋ፤ የሚጎዳው ቢመስለውም አይሰርዝ። ስልኩ ነገ ሊያዝ ስለሚችል ዛሬ ማታውኑ ቀንና ሰዓቱ እየታየ ሌላ ስልክ ላይ ገልብጡትና ለጠበቃው ስጡት።