የልዕልት ዲያና የሞት ምርመራና የምስክሮች ቃል፦ ጥያቄና መልስ

ዲያና ፓሪስ ውስጥ በመኪና አደጋ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ለንደን ላይ በጁሪ (ብይን በሚሰጡ ተራ ዜጎች) ፊት ምስክር የተሰማው ግን ከ2007 እስከ 2008 ነበር። አደራ፣ ይሄ የወንጀል ክስ አይደለም። ተከሳሽ የለም። የሚጣራው ሟች ማን ነው፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት ሞተ የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ምስክሮቹ ሹፌሩ ደህና ነበር ካሉ ሰክሮ ነበር የሚባለው ከየት መጣ?

መልስ፦ ከደሙ! በሹፌሩ በአንሪ ፖል ደም ውስጥ በሊትር 1.74 ግራም አልኮል ተገኝቷል። የፈረንሳይ ገደብ 0.5 ነው። ሪትዝ ሆቴል ባር ውስጥ ሁለት ሪካር (የፈረንሳይ የአልኮል መጠጥ) መጠጣቱም ተመስክሯል። ከአደጋው ብቻውን የተረፈው ጠባቂ ትሬቨር ሪስ-ጆንስ ግን ቀርቦ የሰከረ አይመስልም ነበር አለ። ዋሸ ማለት አይደለም። መጠጥ የለመደ ሰው ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ አፉም አይተሳሰርም፣ በሰዓት 50 በተፈቀደበት መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዳ አደጋው የደረሰበት አልማ ዋሻ ሲገባ ግን መጠጡ ሥራውን ይሠራል። ምስክር የሚነግርህ ያየውን አረማመድ ነው። ደሙን አላየም።

ጥያቄ፦ መኪናዋን ሲከተሉ የነበሩት ፎቶ አንሺዎችስ ለምን አልቀረቡም?

መልስ፦ ያሉት ፈረንሳይ ነው። የእንግሊዝ ችሎት አያስገድዳቸውም።

አንድ አባል፦ ተዉት እባካችሁ፣ ያስገደላት ቤተ መንግሥቱ ነው!

ሌላ አባል፦ ማስረጃ አምጣ። ጁሪው ስድስት ወር ሙሉ ሰምቷል እኮ።

የመጀመሪያው፦ ነጯ ፊያት መኪናስ?

መልስ፦ ፊያቷ ዲያና ከነበረችበት መርሴዲስ ጋር ተነካክታለች፣ ያ እውነት ነው። ዳኛው ስኮት ቤከር ግን የግድያ ሴራውን የሚደግፍ ማስረጃ እንደሌለ ለጁሪው ነግረዋል። ወደ ምስክሮቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ሹፌሩ አልሰከረም ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ! ጁሪው 9 ለ2 በሆነ ድምፅ በሹፌሩና ይከተሉ በነበሩት ተሽከርካሪዎች ነጂዎች ከባድ ቸልተኝነት የደረሰ ሕገ ወጥ ግድያ ነው ብሏል። መጠጡንም፣ ቀበቶ አለመታሰሩንም ጠቅሷል።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ እዚህ ለንደን በአንድ አደጋ ምስክር ሆኜ ተጠርቻለሁ። ምን ልበል?

መልስ፦ ያየኸውን ብቻ። «ሰክሮ ነበር» አትበል። አፉ ይሸት እንደነበር፣ መኪናው ከመስመር ይወጣ እንደነበር ተናገር። የሰማኸውን ሰማሁ በል። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ አስተርጓሚ ቀድመህ ጠይቅ። አንተን ወንጀለኛ ሊያደርግህ የሚችል ጥያቄ ከመጣ ለመመለስ አትገደድም። ተከሳሽ አይደለህም፣ አትደንግጥ።